ነገርን ከሥሩ፦ ፍልሰታን በአምበር

ደብረ ማርቆስ ደርሶ የተመለሰ ሰው አምበርን ሳያያት አልቀረም። አውቶቡሱ ደጀንን፣ የትኖራንና ሉማሜን አልፎ፣ ተሳፋሪው «ማርቆስ ደረስን» እያለ ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር በመስኮት የምታልፍ ከተማ ናት። የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ብትሆንም ብዙው መንገደኛ ከአስፋልቱ ዳርና ዳር ካሉት ቤቶቿና ከባሕር ዛፏ በቀር የሚያስታውስላት ነገር የለም። ለእኔ ግን የተወለድሁባት፣ ፊደል የቆጠርሁባት ናት። በ17 ዓመቴ ወጥቼ አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ የምመለሰው ለለቅሶና ለተዝካር ብቻ ሆኖ ቆይቷል።

በ2011 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ግን ለቅሶም ተዝካርም ሳይኖር የ16 ዓመት ልጄን ይዤ ተነሣሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «አጎቴ አርጅተዋል፤ ልጁን ይዩት ብዬ ነው» እል ነበር። እሱም ውሸት አልነበረም። ዋናው ምክንያት ግን ከሰኔ ወር ጀምሮ እኔና ልጄ በቅጡ አለመነጋገራችን ነው።

ጠቡ የተነሣው በአንዲት የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነው። ልጄ ጊታር ይሞካክራል። በእኔ ጉርምስና ጊታር ሲባል ወደ ጆሯችን የሚመጣው የአይቤክስና የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም ነበር፤ ስለዚህ ሁለተኛ እጅ የኤሌክትሪክ ጊታር ሲለምነኝ ብዙም አልተከራከርሁም። በኋላ ግን ጊታሩ ብቻውን አልበቃውም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበም ላይ ጊታሩ «ዋ ዋ» እያለ እንደ ሰው የሚናገረው በእግር በሚረገጥ ዕቃ መሆኑን አወቀ። ዕቃው የጊታር ኢፌክት ፔዳል ይባላል፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። አንዱ ያንን የመሰለ «ዋ ዋ» ያወጣል፤ ሌላው፣ ፈዝ የሚሉት፣ የጊታሩን ጥርት ያለ ድምፅ ሻካራና የሚያጉረመርም ያደርገዋል። ልጄ የፈለገው ይህን ሁለተኛውን ነበር። ዋጋውን ሲጠይቅ ከኪሳችን በላይ ሆነበትና «ራሴ እሠራዋለሁ» አለ።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገሬ ሰው። እኔም እንዲሁ አልሁት። እሱ ግን ሥዕሉን ከየትም ፈልጎ አመጣ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 መሸጥ የጀመረ፣ ክብ ሆኖ የሰው ፊት የሚመስል ፔዳል አለ፤ ሆዱ ሲከፈት ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት የሚዞሩ ቮልዩሞች ብቻ ነው ያሉት። በጠቅላላው 11 ፍሬ ዕቃ መሆኑ ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ ዓለምን ያስጮኸው በዚህ ነበር። ልጄ ዕቃዎቹን ከመርካቶ ለቃቅሞ በምሳ ዕቃው ውስጥ ይበይድ ጀመር።

የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተቃጠለ ነገር ሸትቶኝ ተነሣሁ። ልጄ ደብተሩን ከድኖ መበየጃውን ይዟል። ምን እንዳልሁት ዛሬ መድገም አልፈልግም። ምሳ ዕቃዋን ከእጁ ነጥቄ ወረወርኋት፤ ግድግዳ መትታ ወደቀች። ልጄ አልተቆጣም፤ አላለቀሰም። ስብርባሪውን ለቃቅሞ በፎጣ ጠቀለለና መብራቱን አጠፋ።

ከፈተናው በኋላ መልሶ ገጣጠማት። ድምፅ ማውጣቱን ታወጣለች፤ ግን ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው ትንተባተባለች። አንዳንዴ ጭራሽ ጭጭ ትላለች። አንድ ማታማ ጊታሩ ሳይነካ፣ ከማጉያው ውስጥ የሬዲዮ ዜና በሹክሹክታ ሲመጣ እናቱ አማተበች። እኔ የሚከነክነኝ ሌላ ነበር። የተበላሸችው በእኔ ውርወራ ይሆን? እሱ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርሁም።

ወደ አምበር ስንሄድ ልጄ ጊታሩን በጉልበቶቹ መሃል፣ የተጠቀለለችውን ፎጣ በቦርሳው ይዞ ከጎኔ ተቀመጠ። ከጎሐ ጽዮን በታች ያለው የዓባይ በረሃ በክረምት ጉም ይሞላና ቁልቁለቱ መጨረሻ የሌለው ይመስላል። አውቶቡሱ ጥምዝምዙን ሲወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተከፈተውን ትልቁን ድልድይ ስንሻገር፣ ልጄ በሰዓታት ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ።

«አባዬ፣ ይሄ የፈዝ ድምፅ መጀመሪያ ብልሽት እንደነበረ ታውቃለህ?»

አላውቅም አልሁት። አሜሪካ ናሽቪል ውስጥ የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ሲቀዳ የድምፅ ማደባለቂያው ተበላሽቶ የቤዝ ጊታሩን ድምፅ አሻከረው። ሊጥሉት ይችሉ ነበር፤ ግን ተዉት። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲወጣ አድማጩ የወደደው ያንኑ ሻካራ ድምፅ ሆነ። በዓመቱ ያንን ብልሽት ሆን ብሎ የሚያወጣ ፔዳል ተሠርቶ ገበያ ላይ ዋለ።

«የእኔ ችግር» አለ ልጄ ወደ ገደሉ እያየ፣ «የትኛው ብልሽት የምፈልገው፣ የትኛው የማልፈልገው እንደሆነ መለየት አለመቻሌ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ዳገቱን ጨርሰን ደጀን ስንደርስ የቢቸናና የሞጣው መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ ሄደ፤ እኛ ወደ ግራ ቀጠልን። ነሐሴ ውስጥ ያ ሜዳ ሌላ ነው። ጤፉ ገና ከመሬት ብቅ ብሎ አረንጓዴ ፀጉር መስሏል፤ ውሃው በየቦዩ ይወርዳል፤ በሰሜን በኩል ጮቄ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ከደመናው ጀርባ ይገምተዋል።

አጎቴ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ከ80 ዓመት በላይ ናቸው። ልጄን አገላብጠው ስመው ጊታሩን አዩና «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። ነገርናቸው። «ጾም ሊገባ ነው እኮ ልጄ» ብለው ዝም አሉ። ጊታሩ ከነቦርሳው ጓዳ ገባ።

በማግሥቱ ማታ መብራት ጠፋ። ኩራዝ ተለኮሰ፤ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት መጣ። አጎቴ ከግድግዳው ላይ በገናቸውን አወረዱ። ከትንሣኤ ወዲህ አልተነካም፤ የክረምቱ እርጥበት ከበግ አንጀት የተሠሩትን አሥሩን አውታሮች አዘባርቋቸዋል። መቃኛዎቹን አንድ በአንድ እያዞሩ አጠበቁ። ከዚያ የመጀመሪያውን አውታር መቱ። ጥርት ያለ፣ ቀጭን ድምፅ ወጣ። አጎቴ ፊታቸውን ቋጠሩ።

በገናን በቅርብ ያላየ አንባቢ ካለ፣ አውታሮቹ በታች በኩል ብርኩማ በሚባለው ድልድይ ላይ ያርፋሉ። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አለች፤ እንዚራ ይሏታል። አውታሩ ሲንቀጠቀጥ ከቆዳዋ ጋር ይነካካና ያ የምናውቀው ጥልቅ ጉርምርምታ ይወጣል። ቆዳዋ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ካለች ድምፁ ይጠፋል። አጎቴ ቆዳዋን በጣታቸው ገፋ አድርገው ይመታሉ፤ ይሰማሉ፤ ደግሞ በስንዴ ቅንጣት ታህል ይመልሷታል። በድንገት አውታሩ «ዝዝዝም» ብሎ ተናገረ።

ልጄ አፉን ከፈተ። «አባባ፣ ጥሩውን ድምፅ ለምን ያሻክሩታል?»

«አላሻከርሁትም» አሉ። «አሁን ነው አፉን የፈታ።»

ወደ ስድስተኛው አውታር ሲደርሱ ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ተሰማ፤ ደረቅ፣ የሚያንቀጫቅጭ። ልጄ እሱም ትክክል መስሎት ነበር። አጎቴ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዚራዋን አልነኩም። በመዳፋቸው ቀንበሩን ያዙ፤ ድምፁ አልተለወጠም። መቃኛውን ያዙ፤ ቀጥ አለ። እንጨቱ ላልቶ ኖሯል። በጨርቅ ጠቅጥቀው አጠበቁት። «የሚያጉረመርም ሁሉ አንድ አይደለም» አሉ። «አንዱ ከቆዳው ነው፤ ያ የኛ ነው። አንዱ ከላላ እንጨት ነው፤ እሱ ሌባ ነው። ሌባውን እጅህን እየጫንህ፣ አንድ ባንድ ነው የምትይዘው።»

በዚያ ሌሊት አጎቴ በገና ሲደረድሩ ልጄ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ አነጋ ማለት ይቻላል። ጠዋት ፎጣዋን ከቦርሳው አወጣና «ሬዲዮ የሚጠግን ሰው አለ እዚህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አለ። ከአስፋልቱ ዳር፣ ስፋቷ ከአንድ አልጋ የማትበልጥ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ፣ በዕድሜ ወደ እኔ የሚጠጋ ሰው ነው። ዛሬ የሚበዛለት ሞባይል ቢሆንም መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ አሮጌ ሬዲዮኖች ተደርድረዋል። እነሱን ሳይ አባቴ ማታ ማታ ዜና የሚሰማበት ሬዲዮና የደከመውን የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን ሁለተኛ ዕድሜ የምንሰጥበት ጊዜ ትዝ አለኝ።

ጠጋኙ መበየጃውን አላነሣም። መጀመሪያ ጠየቀ፤ ልክ እንደ ሐኪም። መቼ ጀመራት? ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? ሽቦው ሲነካ ይብሳል? ልጄ ሲመልስ ሦስት የተለያዩ ሕመሞች ወጡ፤ መንተባተብ፣ አልፎ አልፎ ጭጭ ማለትና የሬዲዮ ሹክሹክታ። «እንግዲያው አንድ በሽታ አይደለም» አለ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከድንጋዩ እንጀምር።»

ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ በቴስተር ለካ፤ ደህና ነው። ከዚያ የሁለተኛውን ትራንዚስተር መውጫ እግር ነካ። ቴስተሩ 1 ቮልት ከምናምን አለ። ጠጋኙ «ኧረ!» አለ።

ነገሩን ለእኔ ያስረዳበት መንገድ ስለገባኝ ልድገመው። የጊታሩ ክር በማግኔት ላይ ሲንቀጠቀጥ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ እሱም እንደ ክሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። ትራንዚስተሮቹ ውዝዋዜውን ያጎሉታል። ግን ባትሪው 9 ቮልት ስለሆነ ቤቱ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ረጅም ሰው ዝቅ ባለ ቤት ሲዘል አናቱ ጣሪያውን እንደሚመታ ሁሉ፣ የጎላው ድምፅ ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ያ መቆረጥ ነው ጉርምርምታው። ድምፁ በነፃ እንዲዘል ግን መነሻው ወደ ቤቱ እኩሌታ፣ 4 ቮልት ተኩል ገደማ ላይ መሆን አለበት። የልጄ ግን ወለል ላይ ተኝቷል። የሚንተባተበው ለዚህ ነው።

ለምን ተኛ? ጠጋኙ በማጉያ መነጽር የትራንዚስተሩን ጽሑፍ አነበበና ሥዕሉን ጠየቀ። ልጄ የያዘው ሥዕል «ቢሲ 547» ለሚባለው የተሣለ ነው። መርካቶ የሸጡለት «ቱኤን 3904» ነው። ሁለቱ ሥራቸው ይቀራረባል፤ መልካቸውም አንድ ነው፤ ሦስት ሦስት እግር አላቸው። የእግሮቹ ተራ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ አንተ ስታዞር በአንደኛው ግራ የሚቆመው እግር በሌላኛው ቀኝ ነው። ልጄ ሁለቱንም ጀርባና ፊት አዙሮ በይዷቸዋል።

«አንተው አውጥተህ አዙራቸው» አለው ጠጋኙ፣ መበየጃውን እያቀበለ። የልጄ እጅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ግን አዞራቸው። ቴስተሩ ከ4 ቮልት ጥቂት አለፍ አለ። በባትሪ የምትሠራውን ትንሽ ማጉያ አገናኘን፤ ልጄ ክሩን ቧጠጠ፤ ጉርምርምታው ሱቋን ሞላት። በር ላይ ቆመው ከነበሩት ልጆች አንዱ ወደ ኋላ ዘለለ።

ደስታው አልቆየም። ልጄ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ጭጭ አለ። ጠጋኙ በደረቅ እንጨት ብየዳዎቹን አንድ ባንድ ይነካካ ጀመር፤ አጎቴ መቃኛውን በመዳፋቸው ሲይዙ እንዳየሁት። የጊታሩ ገመድ የሚሰካበት ጃክ ዘንድ ሲደርስ ማጉያው ተንቋቋ። በመነጽሩ አየና እንድናይ ሰጠን። በእርሳሱ ዙሪያ ፀጉር የመሰለች ክብ ስንጥቅ አለች።

«ይቺ የሠሪው ጥፋት አይደለችም» አለ። «ብየዳዋ ደህና ነበር። ዕቃው ወድቋል። ማን ጣለው?»

ሱቋ ዝም አለች። ልጄ መሬት መሬቱን ያያል። ቢጠየቅ «እኔ ነኝ» ሊል እንደሆነ ከአንገቱ አቀማመጥ ገባኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «ወርውሬያት ነው።»

ጠጋኙ አንዴ እኔን አንዴ ልጁን አየና ምንም ሳይናገር መበየጃውን ሊያሞቅ ዞረ። ልጄ ቀስ ብሎ «ስትወረውራትም እኮ አትሠራም ነበር» አለኝ። «ያን ሌሊት ያልተኛሁት፣ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ማጥናት አልችል ብሎኝ ነው።»

ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን ለምን እንዳልተኛ አልጠየቅሁትም ነበር። ጠጋኙ በመጀመሪያው ደቂቃ ጠየቀው።

ሦስተኛዋ ሕመም ቀላል ነበረች። ፕላስቲክ ምሳ ዕቃ በአየር ላይ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ አያግድም፤ ያን ያህል የሚያጎላ ዕቃ ደግሞ ሽቦው እንደ አንቴና ሆኖ ያገኘውን ሁሉ ይሰማል። መድኃኒቱ ቆርቆሮ ነው፤ ዕቃውን በብረት መክበብና የባትሪውን ኔጋቲቭ ከብረቱ ጋር ማገናኘት። ጠጋኙ ከጠረጴዛው ሥር ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ አወጣ። በዚያው ቀን ተበሳስታ፣ የውስጧ ግድግዳ ሽቦ እንዳይነካ በካርቶን ተሸፍና የፔዳሉ ቤት ሆነች። ዋጋውን ስጠይቅ «የቀየርሁት ዕቃ የለም» አለ። ለሻይ ብለን በግድ አስያዝነው።

እንዲህ ዓይነት ፍቅር የያዘው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ከዚያ ሱቅ የተማርሁትን ላካፍላችሁ። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ዕቃ ልጁን አይነዝረውም፤ ከግድግዳው መብራት ጋር የሚገናኘውን ግን ብቻውን አይንካ። መበየጃው ጫፉ ከ300 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ማስቀመጫ ይኑረው፤ ሕፃን በሌለበት ይሁን። የመበየጃው ማቅለጫ ብዙ ጊዜ እርሳስ ስላለበት ሳይታጠቡ ምግብ መንካት አይገባም፤ ጭሱም እንዳይታፈን መስኮት ይከፈት። አምስት መቶ ቃል ከመቆጣት አንድ ቴስተር ገዝቶ መስጠት ይሻላል፤ ልጁ መገመት ትቶ መለካት ይማራል።

ጾሙን አምበር ቆየን። የቡሄ ዕለት መንደሩ በጅራፍ ጩኸት ተናወጠ፤ ልጄም ሙልሙሉን ከጎረቤት ልጆች ጋር ለቀመ። ጊታሩ ግን ከጓዳ አልወጣም፤ ማንም አልከለከለውም፤ ራሱ ነው የተወው።

ነሐሴ 16 ቀን፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ ከቅዳሴ መልስ ዶሮ ተበልቶ ቡና ሲፈላ አጎቴ «እስቲ ያንተን አምጣት» አሉ። ልጄ ጣሳዋን በረንዳው ላይ አስቀምጦ በእግሩ ረገጣት። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ሲጨርስ ሁላችንም አፋቸውን እናያለን።

«ድምፁ እንግዳ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ችኮላው ነው እንግዳ።»

ልጄ ከልቡ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቶ ነበር።

የፈተናው ውጤት በኋላ መጣ። እንደፈራሁትም እንደተመኘሁትም አልነበረም፤ አብረን ቁጭ ብለን የትኛው ትምህርት የት ላይ እንደላላ አንድ ባንድ አየን። ከአምበር በተነሣንበት ጠዋት ግን አጎቴ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ አንድ ነገር ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። ልጄ የጣለው የደከመው ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ ለጥቂት ጊዜ የወጣችው ፀሐይ ላይ አስጥተውታል።

«ይህንን ትቶት እንዳይሄድ ንገረው» አሉኝ። «እስከ ደጀን ድረስ ሳያስጮኸው አይቀርም።»